ጭጭ እና የጣሪያዋ አክስት

በእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የሰውየውን ትክክለኛ ስም የሚያስታውሰው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ለሌላው ሁሉ ጭጭ ነው። ስሙን ያወጣለት የእሳት አደጋ መኪናው ሾፌር ነው። ሰውየው ቀኑን ሙሉ የሚውለው አገር ከሚያስደነግጡ ዕቃዎች ጋር ነው፤ ከሳይረን፣ ከደወል፣ ከጥሩምባ ጋር። እሱ ግን ከጠዋት እስከ ማታ አሥር ቃል ከወጣው ብዙ ነው። «ጩኸቱን ሁሉ ለዕቃዎቹ ትቶላቸው» ይላል ሾፌሩ። ስም አንዴ ከወጣ ወጣ ነው። አዲስ የሚቀጠሩት ልጆች «ጋሽ ጭጭ» ይሉታል፣ እሱም «አቤት» ይላል።

ሥራው ዕቃ ግምጃ ቤቱን መጠበቅና ያረጀውን መጠገን ነው። ግምጃ ቤቱ ከመኪናዎቹ መቆሚያ ጀርባ ያለ ረጅም ክፍል ነው። አንድ መስኮት፣ አንድ አምፖል፣ አራት ረድፍ የብረት መደርደሪያ አለው። ግሪስ ግሪስ ይሸታል። ጭጭ ዓይኑን ቢታሰር እንኳ እዚያ ክፍል ውስጥ የሚፈልገውን ዕቃ አያጣውም።

ለምሳሌ የድሮ የመንገድ ሳጥኖች አሉ። ቀይ ናቸው፣ ፊታቸው ላይ ትንሽ መስታወት አለ። ድሮ እሳት ያየ ሰው መስታወቱን ይሰብርና እጀታውን ይስባል። ውስጥ ያለችው ጥርሳም የነሐስ ጎማ ትዞራለች፣ ጥርሶቿም በሽቦው በኩል መሥሪያ ቤት ያለውን ደወል ያስመታሉ። ሦስት ጥርስ፣ ክፍተት፣ ሁለት ጥርስ ከሆነ፣ ደወሉ ሦስቴ ይመታል፣ ያርፋል፣ ሁለቴ ይመታል። ሳጥን ሠላሳ ሁለት ማለት ነው። ጭጭ አውራ ጣቱን ጥርሶቹ ላይ ያስኬድና «ይቺ የጫማ ፋብሪካው በር ላይ የነበረችው ናት» ይላል። ቁጥሩ በሳጥኑ ፊት ላይ ተጽፎ ቢሆን እንኳ ፊቱን አያይም።

ደወልም እንደዚያው ነው። በእርሳስ ጫፍ ነካ ያደርግና ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ይሰማዋል። ሳይረን ከሆነ ደግሞ መስኮት ይቆጥራል። ሳይረን ማለት እኮ የሚሽከረከር ከበሮ ነው፤ ዙሪያውን መስኮት መስኮት አለው። አየሩ በመስኮቶቹ እየተቆራረጠ ሲወጣ ነው የሚጮኸው። መስኮቱ ሲበዛ ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲያንስ ይወፍራል። ይሄን ያስተማረው የድሮው መካኒክ ነው፤ ነፍሱን ይማረው።

ይሄን ሁሉ የሚያውቅ ሰው አንድ ነገር ግን አያውቅም። ማለት፣ ያውቃል፣ ግን እንደ ሰው አያውቅም። ማንበብ። ትምህርት ቤት የሄደው ሁለት ዓመት ነው። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ሲመጡ ይለያቸዋል፤ ተሰብስበው ሲመጡ ግን ያፍራቸዋል፣ ድግስ ላይ እንዳጋጠሙት የማያውቃቸው ሰዎች። ወረቀት ሲሰጡት «መነጽሬን ረስቼ» ይላል። መነጽር ኖሮት አያውቅም። ሾፌሩ አንድ ቀን «ይሄ ሰውዬ የረሳው መነጽር ቢሰበሰብ ሱቅ ይከፍት ነበር» ብሎ ሰው ሁሉ ሲስቅ፣ ጭጭም ሳቀ። ምስጢሩን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ልብስ ሰፊዋ ባለቤቱ።

አንድ ሰኞ አለቃው ሰውን ሰብስቦ መሥሪያ ቤቱ ወደ አዲስ ሕንጻ እንደሚዛወር ነገረ። እዚያ መግቢያው ላይ የድሮ ዕቃ የሚታይበት አዳራሽ ይኖራል። አንዲት የቅርስ ባለሙያ መጥታ ዕቃዎቹን ትለያለች፤ ምንነቱ የታወቀና ወረቀት የታሰረበት ወደ አዳራሹ ይሄዳል። ወረቀት የሌለው ሐሙስ በአራት ሰዓት ከነክሬኑ ለሚመጣው ብረት አቅላጭ ይሰጣል።

«ጋሽ ጭጭ ይረዷታል» አለ አለቃው። «ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።»

ጭጭ ሆዱ ሁለት ቦታ ተከፈለ። ግማሹ ተደሰተ። ግማሹ ወረቀት የሚለውን ቃል ሰምቶ ቁጭ አለ።

ባለሙያዋ ማክሰኞ ጠዋት መጣች። የጭጭን የመጀመሪያ ልጅ ታክላለች። አንድ መነጽር ዓይኗ ላይ፣ አንድ መነጽር ጭንቅላቷ ላይ አድርጋለች። ጭጭ «እንደምን አደሩ» ሲላት «ኧረ አንቺ ይበሉኝ፣ ጋሼ» አለችው። አንድ እሽግ ክር ያለው ወረቀት ዘረጋችለት።

«እርስዎ ይጻፉ፣ እኔ ፎቶ ላንሳ።»

«መነጽሬን ረስቼ» አለ ጭጭ።

«ምን ችግር አለ» ብላ ከጭንቅላቷ ላይ ያለውን አውልቃ ሰጠችው። «የኔን ይሞክሩ።»

ምን ያድርግ። ዓይኑ ላይ አደረገው። መደርደሪያው ተንሳፈፈ፣ አምፖሉ ሦስት ሆነ፣ ባለሙያዋ ራሷ እንደ ጭስ ተጠማዘዘች።

«ጠራልዎት?»

«ጠራ» አለና እጁን ወደ ሳጥኑ ሲሰድድ የዘይት ቆርቆሮውን ገፍቶ ጣለው።

በሩ ላይ ቆሞ የነበረው ሾፌር ሳቁን ዋጠ። «እመቤቴ፣ እሱ ይናገር አንቺ ጻፊ» አላት። «ይሄ ሰው ሲናገር መስማት በራሱ ቅርስ ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት ጠብቄ አልደረሰኝም።»

እውነትም እንደዚያ ተደረገ። ጭጭ መነጽሩን አውልቆ ሲመልስ እፎይ አለ። ከዚያማ በቃ፣ ማን ይቻለው። ሳጥኖቹን በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ አሥራ አንዱንም ከነሰፈራቸው ነገራት። ሁለቱ ደወሎች አንድ ዓይነት መስለዋት ነበር፤ በእርሳስ መታላትና «ስሚ፣ ይሄኛው ጠርዙ ተሰንጥቋል፣ ያኛው ግን ጤነኛ ነው» አላት። በእጅ የሚዞረውን ትንሹን ሳይረን አንዴ አዞረውና ግቢው ውስጥ ተኝቶ የነበረው ውሻ አጥር ዘለለ። ባለሙያዋ ጻፈች፣ ጻፈች፣ እጇን አራገፈች፣ ደግሞ ጻፈች። በአንድ ቀን ውስጥ የተናገረው የዓመት ነበር። ማታ ቤቱ ሲገባ ድምፁ ተዘግቶ ባለቤቱ የሚጠጣ ትኩስ ነገር አፈላችለት።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ጣሪያው ወጡ፤ ወደ አክስቴ።

አክስቴ ትልቋ ሳይረን ናት። በአራት የብረት እግር ላይ ቆማ ከተማውን ሁሉ ታያለች። አክስቴ ያሏት የድሮዎቹ እሳት አጥፊዎች ናቸው፤ ከሩቅ ጮኻ የማትጠራው ሰው ስለሌለ፣ ስትጠራም አልሰማሁም ማለት ስለማይቻል። አሁን ጥሪው ሁሉ በስልክና በሬዲዮ ሆኗል፤ አክስቴ ዝም ካለች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ጭጭ ግን በየወሩ ወጥቶ ግሪስ ያጠጣታል። መካኒኩ ከመሞቱ በፊት «እሷን አደራ» ብሎት ነበር፤ እንግዲህ ይሄው ነው።

ባለሙያዋ ዞር ዞር ብላ አየቻትና ከንፈሯን ነከሰች። «ቆንጆ ናት። ምን ዓይነት ናት?»

«ሁለት ድምፅ ናት» አለ ጭጭ። «የላይኛው ከበሮ አሥር መስኮት፣ የታችኛው አሥራ ሁለት። አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን፣ አብረው ነው የሚወጡት። ባልና ሚስት ሲጣሉ በይው። ደግሞ ከበሮዋ ከባድ ነው። መብራቱን አጥፍተሽባት እንኳ ወዲያው ዝም አትልም፤ ሁለት ደቂቃ ተኩል ታጉረመርማለች።»

እጁን አስገብቶ ከበሮውን ገፋ አደረገው። ከውስጥ ወፍራም ማቃሰት ወጣ፣ ከኋላው ደግሞ ቀጭኑ ተከተለ። ባለሙያዋ ፈገግ አለች።

«አመንኩዎት። ሰሌዳዋስ?»

«የምን ሰሌዳ?»

«ማን እንደሠራት፣ መቼ፣ ቁጥሯ ስንት እንደሆነ የተጻፈበት። ትንሽ የነሐስ ሰሌዳ ይኖራታል።»

ፈለጉ። በእግሮቿ መሀል፣ ከሞተሩ ሥር፣ ከክዳኑ ውስጥ ፈለጉ። አክስቴ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ቀይ ናት። ሰሌዳ የሚባል የለም።

ባለሙያዋ ወረቀቱን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ጋሼ፣ ያለ ሰሌዳ አልችልም። አሥርና አሥራ ሁለት መስኮት ያላቸውን የሠሩ ከአንድ በላይ ፋብሪካዎች አሉ። ባለፈው ዓመት በሰው ምስክርነት ብቻ አንድ ሳይረን መዝግቤ፣ ኋላ የወፍጮ ቤት ፊሽካ ሆኖ ተገኘ። እስካሁን ቢሮ ውስጥ ወፍጮ ይሉኛል።»

«ካልተመዘገበችስ?»

ሁለቱም ነገ ክሬኑ የሚቆምበትን የግቢውን ጥግ ተመለከቱ።

ጭጭ ለምሳ ቤቱ ሄደ፤ ሳህኑን ግን አልነካም። ባለቤቱ የስፌት መኪናዋን አቁማ አየችው። በሠላሳ ዓመት ትዳር የጭጭን ዝምታ ዓይነት በዓይነት ለይታ ታውቀዋለች፤ የራብ ዝምታ አለ፣ የድካም አለ፣ ይሄኛው ግን ሌላ ነው።

«ማን ሞተ?» አለችው።

ነገራት። እሷም ዓይኗን ወደ ግድግዳው አነሳች። እዚያ በመስታወት ታቅፎ የተሰቀለ ደብዳቤ አለ። ጭጭ ገና ወጣት ሳለ የተሰጠው የምስጋና ደብዳቤ ነው፤ ሳሎኑ ውስጥ ከሰዓቱ ቀጥሎ የከበረው ዕቃ እሱ ነው። ባለቤቱ ወንበር ላይ ወጥታ አወረደችው፣ በቀሚሷ ጫፍ አቧራውን ጠረገችለት።

«ይሄን አሳያቸው። ሳይረኗን ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደያዝካት ይዩ። ማኅተም ያለው ነገር እኮ ነው።»

«ምን ነበር የሚለው?»

«ስንቴ ላንብብልህ» አለችና አነበበች። «ለሥራ ባልደረባችን፤ በዘንድሮው ዓመታዊ ፍተሻ፣ በጣሪያ ላይ የሚገኘውን ሳይረን ዝገቱን ፍቀው፣ በጎኑ የነበረውን ወጣ ገባ ሁሉ በስቱኮ ሞልተው፣ አንድ ወጥ ቀይ በማድረግዎ፣ መሥሪያ ቤታችን ሙሉ ነጥብ ስላገኘ...»

«ቆይ» አለ ጭጭ። «ከስቱኮው ጀምረሽ መልሺው።»

መለሰችለት። ጭጭ ፊቱ አመድ መሰለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ በዓመት አንዴ የፍተሻ ሰዎች ይመጡ ነበር፤ በእሳት አደጋ ግቢ ውስጥ ቀይ ያልሆነ ነገር ካዩ ነጥብ ይቀንሳሉ። ስለዚህ ከፍተሻው በፊት ባለው ሳምንት የማይንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ቀይ ይቀባል። በሩ፣ ባልዲው፣ የአበባው ቆርቆሮ ሳይቀር። አንድ ዓመት የዘበኛው ወንበር ተቀብቶ፣ ዘበኛው ሳያውቅ ተቀምጦበት፣ ሲነሳ ሱሪው ቀረ። ጭጭ በገባ በመጀመሪያው ዓመት አክስቴ ደረሰችው። ጎኗ ላይ መዳፍ የምታህል፣ ፊደል የተቀረጸባት ቢጫ ነገር ነበረች። ምን እንደምትል አላወቀም። ትቀባ ወይስ ትተው ብሎ መጠየቅ ነበረበት፤ ቢጠይቅ ግን «አታነበውም እንዴ» ይሉታል። አፈረ። ዳር ዳሯን በስቱኮ ሞላት፣ በላይዋም ላይ ስቱኮ አለበሳት፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሳትና ቀባት። ፈታሾቹ ዳብሰው አደነቁ። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ እሱ ራሱ ሲደርብባት ኖረ። ከጊዜ ብዛት ረሳው። ደብዳቤውን እንደሆነ ዓይኑ ቢያየውም አንብቦት አያውቅም።

«እኔው ነኝ» አለ። «እኔው ነኝ የደፈንኳት።»

ባለቤቱ ስታዳምጠው ቆይታ «ታዲያ ሂድና ንገራቸው» አለችው።

«ለምን ደፈንከው ቢሉኝስ?»

«እሱንም ትነግራቸዋለህ።»

«ሠላሳ ዓመት ደብቄ?»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ አክስቴ አክስቴ ስትልብኝ የኖርክ ሰው፣ ልትቀልጥ ስትል አፍህን ካልከፈትክ ዛሬ ማታ እዚህ ቤት መኝታ የለህም» አለችና ደብዳቤውን መልሳ ሰቅላ የስፌት መኪናዋን አስነሳች።

ከሰዓት በኋላ ሊናገር ሞከረ። አለቃው ቢሮ በር ድረስ ሄዶ ተመለሰ። ሁለተኛ ሄዶ አለቃው «አቤት ጋሽ ጭጭ» ሲለው «አምፖሉ ተቃጥሏል» ብሎ ወጣ። ደህና አምፖል ነበር፤ ለማስመሰል ሲል መሰላል አምጥቶ ለወጠው። ለባለቤቱ «አልመሸበትም፣ ጠዋት እነግራቸዋለሁ» ብሎ እንደምንም መኝታውን አተረፈ።

ሐሙስ በአራት ሰዓት ክሬኑ ግቢ ገባ። ሳጥኖቹና ደወሎቹ ወረቀታቸው ተንጠልጥሎባቸው፣ ልደት የተጠሩ ሕጻናት መስለው በረድፍ ተቀምጠዋል። ሾፌሩ፣ አለቃውና ባለሙያዋ ጣሪያው ላይ ወጡ፤ የክሬኑ ሠራተኛ ሰንሰለቱን በአክስቴ አንገት ሊያዞር ነው።

«ደህና ሁኚ አክስቴ» አለ ሾፌሩ። «ውርስ ካለሽ አሁን ተናገሪ።»

«ሰሌዳ አላት» አለ ጭጭ።

ድምፁ በጣም ቀጭን ስለነበር ማን እንደተናገረ ለማወቅ ዞር ዞር አሉ።

«ምን አሉ፣ ጋሼ?» አለች ባለሙያዋ።

«ሰሌዳ አላት። ቀለሙ ሥር ነው። እኔ ነኝ የደፈንኳት፣ በስቱኮ። ሠላሳ ዓመት ሆነው።»

አለቃው ቅንድቡን ሰበሰበ። «ሰሌዳ ለምን ይደፈናል?»

ጭጭ ኮፍያውን አወለቀ። እጁ የሚይዘው ነገር ፈልጎ ነው። «የተጻፈውን ማንበብ አልቻልኩም። ደህና አድርጌ ማንበብ አልችልም፣ አለቃ። ያኔም፣ አሁንም። መጠየቅ አፈርኩ። ቀይ ስላልነበረች ደፈንኳት።» ደግሞም ጨመረ። «መነጽርም ኖሮኝ አያውቅም።»

ጭጭ ዓይኑን ከጫማው አላነሳም። የሾፌሩን ቀልድ ጠበቀ።

«እኔ ደግሞ» አለ በመጨረሻ ሾፌሩ፣ «ያን ደብዳቤ ያገኘህ ቀን በቅናት ራት አልበላሁም። ለካ ሙሉ ነጥብ ያመጣህልን የአክስቴን ስም ቀብረህ ነው።» ጠጋ ብሎ በክርኑ ጎሸም አደረገው። «እና ምን ቆመሃል፣ የቀበርክበትን አሳያ።»

ሳቁ መጀመሪያ የመጣው ከአለቃው ነው። ከዚያ ጭጭም ሳቀ፤ በዚህ ጉዳይ ከልቡ ሲስቅ የመጀመሪያው ነው።

ችግሩ የት ጋ እንደሆነች አለማስታወሱ ነበር። እጁን አሳለፈባት፤ የራሱ ሥራ ስለሆነ አንዳች እብጠት የለም። እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ። በአክስቴ ሆድ ዙሪያ እየዞረ መታ መታ ያደርግ ጀመር። ጥን። ጥን። ጥን። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ያዘ። ጥን። ጥን። ከሞተሩ በላይ፣ በግራ በኩል፤ ጥፍ።

«እዚህ ናት» አለ።

የክሬኑ ሠራተኛ ሰዓቱን እያየ አጉረመረመ፤ ሾፌሩ ግን ሲጋራ አቀብሎ ስለ ክሬኑ ሞተር ይጠይቀው ጀመር፣ ሰውየውም ስለ ሞተሩ ማውራት ይወድ ነበር መሰለኝ ማጉረምረሙን ተወ። ጭጭ የቀለም ማስለቀቂያና ስፓቱላ አመጣ። መጀመሪያ የዘንድሮው ቀይ ተነሳ። ከሥሩ ፈዘዝ ያለ ቀይ፣ ከሥሩ ብርቱካን የሚመስል፣ ያ ቀለም ሻጩ ያታለላቸው ዓመት። ባለሙያዋ በጉልበቷ ተንበርክካ ትቆጥር ነበር፤ አሥራ ዘጠኝ ላይ ተሳሳተች። ስቱኮው ደግሞ ድንጋይ ሆኗል። ሦስት ሰዓት ሙሉ ፋቀ። ሰባት ሰዓት ሲሆን አንዲት ቢጫ ጥግ ብቅ አለች።

ባለሙያዋ ሁለቱንም መነጽሮች ደርባ አነበበች። የፋብሪካውን ስም አነበበች። ቁጥሯን አነበበች። «አሥርና አሥራ ሁለት፣ ሁለት ድምፅ» አለች። «ጋሼ፣ ልክ ያሉኝን ነው የሚለው። በዚህ አገር ከዚህች ፋብሪካ የተመዘገበ የለም። የመጀመሪያዋ ናት።»

አለቃው ለክሬኑ ሠራተኛ እጁን አወዛወዘለት። ትወርዳለች፣ ግን ወደ አዳራሹ ነው የምትወርደው።

ባለሙያዋ ከቦርሳዋ ንጹህ ወረቀት አወጣችና ከእርሳስ ጋር ለጭጭ ዘረጋችለት። ፋብሪካውንና ቁጥሩን ከኋላው ጽፋበታለች፤ የፊት ለፊቱ ባዶ ነው።

«ይቺን እርስዎ ይጻፉልኝ። እኔ አልቸኩልም።»

ጭጭ ሰዉን አየ። አለቃው ድንገት ስለ ሰማዩ ሁኔታ ማሰብ ጀመረ። ሾፌሩ ጀርባውን ሰጥቶ ክሬኑን «ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ» ይላል፤ ክሬኑ ግን ቆሟል። ጭጭ ወረቀቱን አክስቴ ሆድ ላይ አስደግፎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየጠራ ጻፈ። ወደ መጨረሻው ቦታ ስላነሰው ፊደሎቹ ተጨናነቁ። ጨርሶ አሠረው። ሾፌሩ ዞር ብሎ ጮክ ብሎ አነበበ።

«አክስቴ። ሁለት ድምፅ አላት።» ራሱን ነቀነቀ። «ዕድሜዋን አልጻፍክም።»

«የሴት ዕድሜ አይጻፍም» አለ ጭጭ።

ማታ ለባለቤቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገራት፤ ድምፁ ደግሞ ተዘጋ። ሲጨርስ ወንበር ላይ ወጥቶ ደብዳቤውን ከግድግዳው ሊያወርድ እጁን ሰደደ።

«ምን ልታደርገው ነው?» አለችው።

«ላነሳው ነዋ። አሁንማ ያሳፍራል። የተመሰገንኩት እኮ ስሟን በመድፈኔ ነው።»

«ተወው» አለች ባለቤቱ ክሯን በጥርሷ እየበጠሰች። «ለመፋቅ ስንት ሰዓት ፈጀብህ?»

«ሦስት።»

«እንግዲያው ደህና ነው የቀባኸው። ውረድ፣ እራት ቀርቧል።»